ያልተሰመረው መስመር፤ የማየት ታሪክና የኢትዮጵያ ድርሻ

ግንቦት 1 ቀን ማለዳ፣ በአዲስ አበባ ልደታ ሠፈር፣ የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጽርና ዙሪያው ያለው ጎዳና በነጭ ልብስ ይሞላል። ነጠላ ከነጠላ፣ ጋቢ ከጋቢ ይደራረባል። ነጭ በነጭ ላይ ሲያርፍ በመካከላቸው ዓይን የሚይዘው ወሰን እምብዛም የለም፤ ከሩቅ ጎልቶ የሚታየው እዚህም እዚያም ብቅ የሚል ጥለት፣ ጥቁር ፀጉር፣ የክንድ እጥፋት ብቻ ነው። ሆኖም ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው አንድ ወጥ ነጭ ሸራ አይደለም። አንዱን ሰው ከጎረቤቱ ለይቶ ያያል፤ ትከሻው የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ነጠላው ከየት ወደ የት እንደ ዞረ ያውቃል። ከአንዱ የጥለት ቁራጭ እስከ ሌላው ድረስ ያለውን ድንበር ማንም አላሰመረለትም፤ ድንበሩ ግን ይታየዋል።

ነገሩ ለሠዓሊያን እንግዳ አይደለም። በእርሳስ ንድፍ የሠለጠነ እጅ የጉንጭን መስመር ጀምሮ መሐል ላይ ይተወዋል፤ ወረቀቱ ባዶ በሆነበት ቦታ ጉንጩን የሚፈጽመው ተመልካቹ ነው። ለመሆኑ ያልተሰመረውን መስመር የሚያሰምረው ማን ነው? ዓይን ነው ወይስ አንጎል? ሰው ይዞት የሚወለደው ችሎታ ነው ወይስ በኑሮ የሚማረው? ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። በታሪኩም ውስጥ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ትነሣለች፤ በመጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ በሜኒት ሕዝብ መካከል፣ በኋላም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ያደጉ ልጆች በቀዶ ጥገና ብርሃን ባዩ ጊዜ።

ጥያቄውን በወረቀት ላይ ጥርት አድርጎ ያቀረበው ጋኤታኖ ካኒዛ የተባለ የኢጣሊያ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በትሪየስቴ ከተማ የተወለደውና በ1993 ያረፈው ካኒዛ፣ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ሥዕል የሚሥል ሰውም ነበር፤ ምርምሩን ሲመለከቱት የሠዓሊ ዓይን እንዳለበት ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ1955 ካወጣው ጽሑፍ በኋላ በስሙ የሚጠራው ሥዕል በቀላል መልኩ እንዲህ ያለ ነው። ሦስት ጥቁር ክቦች በሦስት ማዕዘን አቀማመጥ ይደረደራሉ። ድፎ ዳቦ በቢላዋ ተቆርጦ አንድ ሹል ቁራሽ እንደሚነሣለት፣ ከእያንዳንዱ ክብ አንድ አንድ ቁራሽ ይነሣል፤ የሦስቱም ክፍተት ወደ መሐል ይዞራል። በወረቀቱ ላይ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ተመልካቹ ግን በሦስቱ ክቦች ላይ የተነጠፈ ነጭ ሦስት ማዕዘን ያያል፤ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ነጭነቱም ከወረቀቱ ነጭነት የበለጠ ይመስለዋል። ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ቢቀርብበት ውስጡና ውጩ አንድ ዓይነት ነው። ክቦቹ በጣት ቢሸፈኑ ሦስት ማዕዘኑ ወዲያው ይጠፋል። ከካኒዛ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1900፣ ፍሪድሪክ ሹማን የተባለ ጀርመናዊ ተመሳሳይ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ሆኖም ነገሩን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ የሊቃውንት ሁሉ መነጋገሪያ ያደረገው ካኒዛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጠበቅ ይገባል። በሀገራችን የመስቀል ሥራ፣ ብረቱ ተፈልፍሎ ከወጣ በኋላ በሚቀረው ቀዳዳ ውስጥ ሌላ መስቀል ብቅ ሲል ማየት የተለመደ ነው፤ በላሊበላ ቤተ ማርያም መስኮቶች ላይም መስቀሉን የሚሠራው ድንጋዩ ሳይሆን በድንጋዩ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ነው። ይህ ባዶውን ቅርጽ የማድረግ ጥበብ ነው፤ ከካኒዛ ሥዕል ጋር ዘመድ ቢሆንም አንድ አይደለም። በመስቀሉ ላይ ጠርዙ በእርግጥ አለ፤ ጣት ቢያልፍበት ይዳሰሳል። በካኒዛ ሥዕል ግን ጣት የሚዳስሰው ነገር የለም።

የሌለ ጠርዝ እንዴት ይታያል? ለረጅም ዘመን መልሱ «ሰው በማሰብ ይገምተዋል» የሚል ነበር። ተመልካቹ ሦስቱን ቁራሾች አይቶ፣ አመዛዝኖ፣ በላያቸው ላይ ሦስት ማዕዘን መኖር አለበት ብሎ ይደመድማል የሚል አስተያየት ነው። ይህን አስተያየት ያናወጠው በዙሪክ ከተማ የተካሄደ ሙከራ ነው። ዳራውን ለመረዳት ዴቪድ ሂዩብልና ቶርስተን ዊዝል እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ የሠሩትን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ወደ ድመት አንጎል የኋለኛ ክፍል አስገብተው የአንዲት የነርቭ ሕዋስን ምልክት አዳመጡ። በእይታ መጀመሪያ ክፍል ያለች አንዲት ሕዋስ ለማንኛውም ብርሃን አትነሣም፤ የምትነሣው በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ አቅጣጫ ለተዘረጋ መስመር ወይም ጠርዝ ነው። አንዷ ለቆመ መስመር፣ ሌላዋ ለተጋደመ፣ ሌላዋ ለዘመመ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1984 ሩዲገር ፎን ዴር ሃይት ከፔተርሃንስና ከባውምጋርትነር ጋር ሆኖ በዝንጀሮ አንጎል ላይ የጠየቀው ይህን ነው፤ መስመር ለይታ የምታውቅ ሕዋስ ያልተሰመረ መስመር ቢቀርብላት ምን ትላለች? መልሱ ያልተጠበቀ ነበር። ከመጀመሪያው የእይታ ክፍል ቀጥሎ ባለው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያሉ ብዙ ሕዋሳት መስመሩ በእርግጥ የተሰመረ ያህል ምልክት ሰጡ። በመጀመሪያው ክፍል ግን በዚያን ጊዜ ይህን የመሰለ ምላሽ አልተገኘም። የማይዳሰሰው ጠርዝ ተመልካቹ አስቦበት የሚደርስበት ድምዳሜ ሳይሆን፣ አንጎል በማየት ሥራው መጀመሪያ ደረጃዎች ላይ የሚሠራው ነገር መሆኑ ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ምርምሩ ወደ ጊዜ ቆጠራ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2001 ታይ ሲንግ ሊና ንጉየን ባወጡት ውጤት፣ ሁለተኛው ክፍል ሥዕሉ ከታየ ከ65 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ለሌለው ጠርዝ ሲነሣ፣ የመጀመሪያው ክፍል ዘግይቶ፣ ወደ 100 ሚሊ ሰከንድ ላይ ይከተላል። መልእክት ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መቅደም ነበረበት። የላይኛው ክፍል ሰፋ አድርጎ ያየውን ወደ ታችኛው መልሶ ይልካል፤ የታችኛውም በዚያ መሠረት መዝገቡን ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአይጥ አንጎል ላይ አንድ እርምጃ ተራመዱ። በመጀመሪያው የእይታ ክፍል ያሉትን፣ ለሌለው ጠርዝ የሚነሡትን ጥቂት ሕዋሳት ለይተው በብርሃን ጨረር ሲቀሰቅሷቸው፣ በአይጧ ፊት ምንም ሥዕል ሳይኖር አንጎሏ ሥዕሉን ባየችበት ጊዜ የነበረውን ምልክት ደገመ።

ነገሩ የአጥቢ እንስሳት ብቻም አይደለም። ንብና ጉጉት ሠልጥነው ሲፈተኑ ያልተሰመረውን ጠርዝ እንደ ተሰመረ ተቀብለውታል። ጥቂት ወራት ብቻ ያላቸው ሕፃናትም ለእንዲህ ያለው ቅርጽ ምላሽ ይሰጣሉ። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው ችሎታው ከተፈጥሮ ነው፣ ጉዳዩ አልቋል» ቢል አይፈረድበትም። ጉዳዩ ግን አላለቀም። ከሰው ልጆች መካከል አንዱ ሕዝብ ከሌላው ልዩ ሆኖ ያያልን የሚለው አሮጌ ክርክርም በዚሁ በር ይገባል።

ክርክሩ በምሁራዊ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1898 ከካምብሪጅ ወደ ቶረስ ባሕር ሰርጥ በተደረገው ጉዞ ነው ማለት ይቻላል። ሪቨርስ የተባለው ሐኪም ደሴተኞቹ እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮችን፣ በጫፋቸው በተቀጠለ ቀስት ምክንያት እኩል ያልሆኑ መስለው በሚታዩበት ሥዕል ፈተናቸው፤ ከእንግሊዞቹ ይልቅ ያነሰ የተታለሉት ደሴተኞቹ ሆኑ! «ኋላ ቀር» የተባለው ዓይን ትክክለኛ፣ «የሠለጠነው» ዓይን ተሳሳች ሆኖ መገኘቱ ለዘመኑ ትምክህት የማይመች ውጤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ሴጋል፣ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ ብዙ ሕዝቦችን አነጻጽረው ባወጡት መጽሐፍ፣ ምክንያቱን በመኖሪያ ቤት ላይ ጣሉት፤ በአናጢ በተሠራ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ባለ ቤትና መንገድ ውስጥ ያደገ ዓይን ማዕዘንን ሁሉ እንደ ግድግዳ ጥግ ያነባል አሉ። ሐሳቡ ብዙ ተተችቷል፤ ቢሆንም ዛሬ ልደታን ለሚመለከት ሰው ሳያስደምም አያልፍም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ሲቆሙ፣ የተለወጠው የነዋሪው አድራሻ ብቻ ነው ወይስ ልጆቹ የሚያድጉበት የማዕዘን ብዛትም ጭምር?

ከዚህ የከፋው የደቡብ አፍሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ሃድሰን አዳኝ፣ አጋዘንና ዝሆን ያሉበትን የመስመር ሥዕል ለሠራተኞችና ለተማሪዎች አሳየ። ዝሆኑ ትንሽ ሆኖ ተሥሏል፤ በአውሮፓ የሥዕል ሥርዓት ትንሽነቱ ርቀቱን ያመለክታል። አዳኙ ጦሩን ወደ ዝሆኑ አነጣጠረ ያለ ሰው ሥዕሉን በርቀት አላየውም ተባለ። የሀገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው የዚህን ፈተና ጉድለት ለማየት አይቸገርም። በእኛ ሥዕል ትልቅነት የክብር እንጂ የቅርበት ምልክት አይደለም፤ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ለተመልካች ሲሰጥ፣ ከሐዲ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የቅርጹም ድንበር በጥቁር ቀለም ጥርት ብሎ ይሰመራል፤ ለተመልካች ግምት የሚተው ጠርዝ የለም። ይህን ሥርዓት የማያውቅ እንግዳ በአንድ ዓይን የተሣለውን ሰው ዓይነ ሥውር ነው ቢል፣ የሳተው ዓይኑ ነው ወይስ ትምህርቱ? ሃድሰን የለካው የሰዎቹን ማየት ሳይሆን የአንድን አህጉር የሥዕል ስምምነት መቀበላቸውን ነበር።

በዚህ ክርክር መካከል ነው ኢትዮጵያ የምትነሣው። የስኮትላንድ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲው ያን ዴሬጎቭስኪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሜኒት ሕዝብ መካከል የተደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተመ። ራሱን ሜኤን ብሎ የሚጠራው ይህ ሕዝብ ዛሬ ምዕራብ ኦሞ ዞን በሚባለው አካባቢ የሚኖር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሥዕል የታተመበት ወረቀት አይተው አያውቁም ነበር። ወረቀት ሲሰጣቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ እያጠፉ ድምፁን አዳመጡት፤ በላዩ ላይ ያለውን ምልክት ግን ልብ አላሉትም። እዚህ ድረስ ያለው ክፍል ብቻ ተነጥሎ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ «ሥዕል ማየት የማይችሉ ሰዎች ተገኙ» ለማለትም ውሏል።

ቀጥሎ የሆነው ግን ሌላ ነው። አጥኚዎቹ የእንስሳቱን ሥዕል በትልቁ፣ ሰዎቹ በሚያውቁት ነገር ላይ፣ በሻካራ ጨርቅ ላይ አድርገው አቀረቡ። አሁን አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ። የለዩበት መንገድ ደግሞ ከውጤቱ የበለጠ የሚያስተምር ነው። በአንድ ጊዜ አልሆነም። ተመልካቹ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጅራቱን ለብቻ፣ እግሩን ለብቻ፣ የእግሩን መገጣጠሚያ፣ ከዚያም ቀንዱን ይጠራል፤ ሙሉው ምንድን ነው ሲባል ገና እያየሁ ነው ይላል፤ በመጨረሻ የእንስሳውን ስም ይሰጣል። ክፍሎቹን ወደ አንድ አካል የመሰብሰቡ ሥራ፣ ሥዕል በለመደ ሰው ዘንድ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ የሚፈጸመው፣ እዚህ ቀስ ብሎ በአንደበት ሲፈጸም ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል የሚቆጥር ሰው ቃሉን ከመጥራቱ በፊት ሆሄያቱን አንድ በአንድ እንደሚለቅም ማለት ነው። የሜኒት ሰው በዱር ውስጥ፣ በቅጠል የተጋረደን አውሬ ከጆሮው ጫፍና ከጀርባው ቁራጭ ለይቶ የሚያውቅ ነው፤ ያልተሰመረ መስመር ማየት አልቸገረውም። እንግዳ የሆነበት ወረቀት የሚሉት ነገር ነው።

እንግዲህ ባህል የሚለውጠው የሥዕልን ንባብ እንጂ ከሥሩ ያለውን የማየት ችሎታ አይደለም ከተባለ፣ ቀሪው ጥያቄ ይህ ነው፤ ያ ከሥሩ ያለው ችሎታስ ምንም ሳያይ ባደገ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይቆያልን?

ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1688 ከአየርላንድ በተላከ ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ሚስቱ ዓይነ ሥውር የነበሩት ዊልያም ሞሊኑ፣ በመዳሰስ ኳስንና ባለ ስድስት ገጽ ኩብን ለይቶ የሚያውቅ ዕውር ብርሃን ቢሰጠው፣ ሳይነካቸው በማየት ብቻ ይለያቸዋልን ሲል ጆን ሎክን ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1728 ቼዝልደን የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም፣ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ የዓይን ሞራ ገፍፎ የሆነውን ጻፈ። ልጁ ድመቷን ከውሻው በዓይኑ መለየት ስላቃተው አቅፎ ዳሰሳት፤ ከዚያም ትክ ብሎ አያት፣ ሌላ ጊዜ እንዲያውቃት። ሥዕል የቁም ነገር ምስል መሆኑን የተረዳው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም እጁን ዘርግቶ ገጹ ጠፍጣፋ ሲሆንበት፣ ከመዳሰስና ከማየት የሚዋሸው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ።

ሂዩብልና ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1963 ነገሩን እስከ ነርቭ ሕዋስ አደረሱት። ገና በተወለደች ድመት ላይ አንዱ ዓይን ለጥቂት ወራት ቢሸፈን፣ በኋላ ቢገለጥም አንጎሉ ለዚያ ዓይን ምላሽ አይሰጥም። አድጋ በጨረሰች ድመት ላይ ያው መሸፈን ጉዳት አያመጣም። ማየት የራሱ ወቅት አለው፤ ዘሩ በክረምቱ ካልተዘራ በበጋ አይበቅልም።

ይህ ነገር በሰው ላይ ምን እንደሚመስል በግልጽ ያሳዩት ኢትዮጵያውያን ልጆች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት፣ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ሥውር ሲሆን የግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ሞራ የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ይዘውት የሚወለዱ ወይም በጨቅላነታቸው የሚይዛቸው አሉ። ሐኪም ቤት በቀረበበት አገር እንዲህ ያለ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታከማል። በገጠር የተወለደ ግን ከብርሃንና ከጨለማ በቀር ብዙም ሳይለይ እስከ ጉርምስናው ሊቆይ ይችላል።

አየለት ማክይቶን፣ ኢታይ ቤን ጽዮን፣ ራቪድ ዶሮንና ኤሁድ ዞሃሪ በኢትዮጵያ ውስጥ ከዓመታት ጨለማ በኋላ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን እንዲህ ያሉ ልጆች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አሳተሙ። ፈተናው ጨዋታ ይመስላል፤ ከተደረደሩ ምስሎች መካከል ከሌሎቹ የሚለየውን አንዱን ማግኘት ነው። ልዩነቱ በቀለም፣ በመጠን፣ ወይም በተሰመረ ቅርጽ ሲሆን ልጆቹ ፈጥነው ተማሩ፤ ያጡት ዘመን ይህን አልወሰደባቸውም። ልዩው ምስል የሚታወቀው ባልተሰመረ ጠርዝ ሲሆን ግን፣ ይኸውም በካኒዛ ዓይነት ቅርጽ፣ በአጠቃላይ ሊያገኙት አልቻሉም። በጥላና በብርሃን ጎድጓዳና ጉብታ መለየት፣ አንዱ ነገር ሌላውን ሲጋርድ የተጋረደውን በሙሉነቱ መረዳትም እንዲሁ አቃታቸው። ቀዶ ጥገናው ከተደረገ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የታየው መሻሻል ጥቂት ነው። ጥቁሮቹን ቁራሽ ክቦች ያያሉ፤ ነጩ ሦስት ማዕዘን ግን አይነጠፍላቸውም።

ንብና ጉጉት የሚያዩትን፣ የጥቂት ወራት ሕፃን የሚያየውን፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ዓይኑ ተከፍቶለት ሳያየው ቀረ። የዙሪክ ሕዋሳት በብርሃን እጦት ወቅት ሥራቸውን ሳይማሩ እንዳለፉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በሌላ ወገን በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ይኸው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት፣ በጠባብ ስንጥቅ ጀርባ የሚያልፍን ቅርጽ፣ በአጥር ቀዳዳ አላፊ አግዳሚን እንደሚያዩት ማለት ነው፣ ቁራጭ በቁራጭ አዋሕዶ መለየት ከቀዶ ጥገና በኋላም ሊማሩት የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። ቅርጹ ሲንቀሳቀስ አንጎል የሚይዘው ሌላ ገመድ ያለው ይመስላል።

ለመምህራን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዘግይቶ ብርሃን ያየ ልጅ በየትኛውም ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የቀይና የአረንጓዴ ጠመኔን ይለያል፤ ፊደሉንም ይይዛል። በሒሳብ መጽሐፍ ላይ ያለው ኩብ ግን የተጠላለፉ መስመሮች ብቻ ሊሆንበት ይችላል፤ በሳይንስ መጽሐፍ ላይ ግማሹ ከዛፍ ጀርባ የተሠወረው በሬ፣ ግማሽ በሬ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ በሥዕሉ ላይ ደጋግሞ ጣት መቀሰር ጥቅም የለውም። የጠመኔውን ካርቶን አንሥቶ በእጁ ማስያዝ፣ ማዕዘኖቹን እንዲዳስስ ማድረግ፣ ከዚያም በዓይኑ ፊት ቀስ ብሎ ማዞር ይሻላል። በገጠርም በከተማም አዲስ የተወለደ ሕፃን ብሌን ነጣ ብሎ ሲታይ አስቀድማ የምታስተውለው አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም አያት ናት፤ ከዚያች ቀን እስከ ቀዶ ጥገናው ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በሳምንት ነው።